እሳት አየር ይበላል፤ ከወናፍ እስከ ሁለት ምት ሞተር

ማታ በኩራዝ ታነባላችሁ? እንግዲያው ትምህርቱን ከኩራዙ እንጀምር። የበራውን ኩራዝ በጣሳ ክደኑት። ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል። ጋዙ አላለቀም፤ ክሩም አላለቀም። ያጠረው አየር ነው።

ከአየር አምስት እጅ አንዱ ኦክሲጅን ይባላል። እሳት የሚፈልገው እሱን ነው። የቀረው በአብዛኛው ናይትሮጅን ነው፤ አይነድም፣ አያነድም።

አሁን ወደ አንጥረኛው ቤት እንሂድ። ወናፉ ሲነፋ ፍሙ ይነጣል። ወናፉ ሲቆም ፍሙ ይቀላል። ከሰሉ ያው ነው፤ የተለወጠው አየሩ ነው። በአሶሳ ዙሪያ ቀርከሃ ስላለ የቀርከሃ ከሰልም ለዚህ ይሆናል። ግን ተጠንቀቁ፤ ከሰል አየር አጥሮት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ይወጣዋል። አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል። በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ አይገባም።

ወርቅ የሚቀልጠው በ1,064 ዲግሪ ነው። ብረት 1,538 ይፈልጋል። አሉሚኒየም ግን 660 ይበቃዋል። ታዲያ በኩርሙክ ወይም በመንጌ ወርቅ ያቀለጠ ወናፍ ለአሉሚኒየም ያንሳል? አያንስም።

የሞተር እጀታ ተሰበረባችሁ እንበል። አምሳያውን ከእንጨት ቅረጹ። አሉሚኒየም ሲበርድ ስለሚኮማተር፣ እንጨቱን በአንድ ሜትር 13 ሚሊ ሜትር ያህል አስረዝሙት። ደቃቅ አሸዋ ከጥቂት ሸክላ አፈር ጋር ለውሱ። በእፍኝ ስትጨብጡት ከተያያዘና እጃችሁን ካላራሰ ደህና ነው። አምሳያውን ቀብራችሁ አሸዋውን ጠቅጥቁ። ከዚያ አውጡትና በቀረው ጉድጓድ የቀለጠውን አፍሱ። የቆየ ፒስተን ካገኛችሁ ጥሩ ማቅለጫ ነው፤ ሲሊከን ስላለበት በቅርጹ ውስጥ በደንብ ይፈሳል።

ውሃን ግን ፍሩ። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ 1,700 ጊዜ ያህል ይሰፋል። አሸዋው ከረጠበ፣ ማንኪያው ወይም ቁርጥራጩ እርጥብ ከሆነ፣ የቀለጠው ፈንድቶ ፊት ላይ ይረጫል። ዓይን ያጠፋል። ሁሉንም አስቀድማችሁ እሳት ዳር አድርቁ። በባዶ እግር አትቁሙ። ሕፃናትን አርቁ። ቢፈስ ደረቅ አሸዋ አልብሱት፤ ውሃ አታፍሱበት።

ቀልጦ የሚፈስ ሥራ ለአገራችን አዲስ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ከነሐስ አስቀልጠው አሠሩ። ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ነው። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ጉዞ ጀምሮ በመጋቢት መቅደላ ደረሰ። መድፉን የጎተተው የሰው ጉልበት ነበር!

እጀታና ክዳን እንዲህ ይወጣል። ፒስተንና ሲሊንደር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ፀጉር የሚያህል ነው፤ ያለ ቶርኖ አይሆንም። እኔ ብሆን እነሱን ገዝቼ እገጥማለሁ።

ሞተር መጋዝና በጀርባ የሚታዘለው የመድኃኒት መርጫ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ምት ናቸው። ፒስተኑ ሲወጣ ቤንዚንና አየሩን ከላይ ያምቃል። በዚያው ጊዜ ከታች አዲስ አየርና ቤንዚን ይስባል። ካንዴላው ሲለኩስ ፒስተኑ ተገፍቶ ይወርዳል፤ የተሳበውንም ወደ ላይ ይነፋል። ፒስተኑ ራሱ ወናፍ ነው ማለት ነው።

1 ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲነድ 15 ኪሎ ያህል አየር ይበላል። አሶሳ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ1,500 ሜትር በላይ ናት። አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በሰባት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱ ይወፍራል። ቤንዚኑ ከልክ በላይ ሲቀንስም ሞተሩ ይግላል፤ ፒስተኑ ሊበሳ ይችላል። በአቧራ የተደፈነ ፊልትሮም አየር ያሳጣል፤ አጽዱት።

እንዲህ ያለው ሞተር ለብቻው የተቀመጠ ዘይት የለውም። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል። ዘይት የረሳ ሰው ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ይቀርበታል፤ በአዝመራ መሀል ያለ መርጫ መቅረት ነው። ልኩ ከሞተር ሞተር ስለሚለይ በሞተሩ ላይ ወይም በመመሪያው የተጻፈውን አንብቡ። ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት የሚል ከሆነ፣ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ይገባል።

ለ3 ሊትርስ ስንት ይሆናል? በደብተራችሁ አስሉት።