ከማጠጣታችሁ በፊት አፈሩን ንኩ

የመነሻ ንባብ፦ ሉቃስ 13፥6-9

ባለፈው አርብ ከጸሎት በኋላ ሻይ ስንጠጣ አንዷ እህት "የማዳም አበባ እጄ ላይ እየሞተ ነው፣ ምን ላድርግ?" ብላ ጠየቀች። "የኔም!" "የኔም!" ያልነው ብዙ ነን። የዛሬው ትምህርት ስለዚሁ ነው።

እኔ ገጠር ስላደግሁ ተክል አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። በመጀመሪያው ዓመቴ ሳሎን ውስጥ የነበረ ሰፊ ቅጠል ያለው ተክል ጠወለገብኝ። አጠጣሁት። በማግስቱ ባሰበት፣ ጨመርኩለት። በአሥር ቀኑ ግንዱ ለሰለሰ፣ አፈሩ ሸተተ። ለካ ተክሉ ከማዳም እናት ቤት የመጣ ነው። እሷ አልተቆጣችም፣ ዝም ብላ ዕቃውን አንስታ አወጣችው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ያላወቅሁት ይህን ነው። ሥር እንደኛ አየር ይፈልጋል። አፈሩ ሁልጊዜ ውሃ ከሞላው አየር ያጣና ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ አይችልም። ስለዚህ ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ በጥም ይጠወልጋል። የተጠማውና የሰጠመው ላይ ላዩን ሲታዩ አንድ ናቸው። የሚለያቸው አፈሩ ነው። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቡና እዩ።

1. አፈሩ ደረቅ፣ ዕቃውም ቀላል ከሆነ፦ ተጠምቷል። በጣም የደረቀ አፈር ከዕቃው ግድግዳ ስለሚለቅ ከላይ ያፈሰሳችሁት ውሃ በዳር በዳር ወርዶ ያልቃል፣ ሥሩ አይደርሰውም። ሳፋ ውስጥ ትንሽ ውሃ አድርጉና ዕቃውን ለግማሽ ሰዓት አስቀምጡት፣ ከታች ይስባል። ከዚያ አውጥታችሁ በደንብ አንጠፍጥፉት።

2. አፈሩ እርጥብ ሆኖ ከጠወለገ፦ ሰጥሟል። ውሃ አትጨምሩ። መጀመሪያ ማዳምን አስፈቅዱ፣ ከዚያ ተክሉን ቀስ ብላችሁ አውጡት። ነጭና ጠንካራ ሥር ደኅና ነው። ቡናማ ሆኖ የሚላላጠውንና የሚሸተውን በንጹሕ መቀስ ቁረጡ። ታች ቀዳዳ ባለው ዕቃ፣ በአዲስ አፈር ትከሉት። ትልቅ ዕቃ አትምረጡ፣ ብዙ አፈር ብዙ ውሃ ይይዛል። ከሥር ያለው ሳህን ላይ ውሃ አይቋጠር። ሥሩ በሙሉ ከበሰበሰ ግን አይድንም።

3. ቅጠሉ ላይ ደረቅ ቡናማ ምልክት ከወጣ፦ ፀሐይ አቃጥሎት ሊሆን ይችላል። የዶሃን በጋ ታውቁታላችሁ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ወር 50.4 ዲግሪ ደርሶ ነበር። ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕጉ ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል ሠራተኛ ፀሐይ ላይ እንዳይሠራ ይከለክላል። ሰው እንኳ ጥላ ይገባል፣ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ተክል ግን እግር የለውም። አስገቡትና ከመጋረጃ ጀርባ፣ ብርሃን ባለበት አኑሩት። ኤሲ ፊት ለፊትም አይሁን፣ ደረቁ ንፋስ የቅጠሉን ጫፍ ያደርቀዋል። የተቃጠለው ቦታ ተመልሶ አይለመልምም፣ አረንጓዴ የቀረውን ግን አትቁረጡ፣ ምግቡን የሚሠራው እሱ ነው።

4. ጥቂት ብቻ ከተረፈ፦ ቦቶስ የሚሉት ተንጠልጣይ ሐረግ ከሆነ ተስፋ አለ። ቅጠል የሚወጣበት አንጓ እንዲኖረው አድርጋችሁ ቁረጡና አንጓው ውሃ ውስጥ እንዲገባ በጠርሙስ አስቀምጡት። በሁለት ሦስት ሳምንት ሥር ያወጣል። ልጆች እንዳያኝኩት ተጠንቀቁ፣ አፍ ያቃጥላል። ሬትና እንደ ሰይፍ ቀጥ ያለው ጂልድ አል ነምር ግን ውሃ ቅጠላቸው ውስጥ ስለሚያጠራቅሙ አፈሩ እስከ ታች ሳይደርቅ አታጠጧቸው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው፣ ለእኔ የከበደኝም እሱ ነበር። ማዳበሪያ አትስጡ፣ ለተጎዳ ሥር ሸክም ነው። በየቀኑ ቦታውን አትቀያይሩ። አዲስ ቅጠል ሲያቆጠቁጥ ያኔ ድኗል በሉ። እኔ በረንዳ ላይ ከተቃጠለ ቦቶስ ሦስት ቅጠል አትርፌ በማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ አኖርኩት። ዛሬ ከመደርደሪያው እስከ ወለል ወርዷል። ማዳም ራሷ ቆርጣ ለእህቷ ሰጠች።

ያነበብነውን የበለስ ጠባቂ ተመልከቱ። ዛፏ ትቆረጥ ሲባል አንድ ዓመት ለመነላት። መጀመሪያ ዙሪያዋን መኮትኮት አለ፣ ፍጉን ከዚያ በኋላ። በናጅማ ክፍል ተጋርተን ስንኖር አዲስ የመጣች እህት ጠውልጋ ስናያት ቶሎ ምክር እናፈስባታለን። "ቻይው፣ ሁላችንም ችለናል" እንላለን። ምናልባት ምክር ጠግባለች፣ ያጣችው እንቅልፍ ይሆናል፣ ወይም ወደ አገር ቤት የምትደውልበት ካርድ። እስቲ መጀመሪያ እንጠይቃት።

ለውይይት፦
ሀ. ጠባቂው ለበለሷ ጊዜ የለመነው ለምን ይመስላችኋል?
ለ. ሰው ሊረዳችሁ ብሎ የከበዳችሁ ጊዜ ነበር?
ሐ. በዚህ ሳምንት ቤታችሁ ያለውን አንድ ተክል አፈሩን ነክታችሁ አርብ ያገኛችሁትን ንገሩን።

ጌታ የደከመውን ሁሉ ያለምልም። አሜን።