ምዕራፍ 7፦ ሞተሩ ለምን ሞተ?

ቮልሷን የገዛኋት ቆማ ነው። የ1968 እ.ኤ.አ. ሥሪት፣ ባለ 1300 ሞተር፣ ግራጫ ቀለም። የሸጡልኝ አዛውንት ቁልፉን ሲያስረክቡኝ «ሌላ ሕመም የለባትም ልጄ፤ ሞተሯ አርጅቶ ነው፤ ፋሻ ቀይርላት» አሉኝ። እኔም ከፋሻው (ከፒስተኑ ቀለበቶች) አልፌ ፒስተንና ሲሊንደሩን በአዲስ ተካሁ። የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቭ ጠርዙ ተቃጥሎ ስላገኘሁት እሱንም ቀየርኩ፤ አሮጌውን ከቁርጥራጩ ጋር ጠርጌ ጣልኩት። ቮልሷ ተነሳች፤ አምስት ወርም ያለ አንዳች እንከን ነዳኋት። በስድስተኛው ወር ከዓባይ በረሃ ወደ ጎሐ ጽዮን ዳገቱን ስወጣ ጉልበቷ ከዳት፤ እንደምታነክስ በቅሎ እየተንገጫገጨች ዳር ያዘች። ቤት አድርሼ ስፈታት የተቃጠለው ያው የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቭ ነበር።

ለካ ያን ጊዜ የጣልኩት ቫልቭ ምስክር ኖሯል። «እኔን የገደለኝ አሁንም እዚሁ አለ» እያለኝ ነበር፤ አልሰማሁትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሞተር የሚከፍት ሰው ሁሉ መጀመሪያ እንዲጠይቅ የምለምነው ይህንኑ ነው፦ ሞተሩ ለምን ሞተ? የሞተበት ምክንያት ሳይገኝ የገባ አዲስ ዕቃ በዚያው በሽታ ይሞታል።

የስፖርት መኪና ሞተር ማደስ የሚመኝ ሰው በቮልስ እንዲጀምር የምመክረው ዋጋው ስለሚቀርብ ብቻ አይደለም። ዝምድናው የሥጋ ነው። ፖርሽ የሚለውን ስም የያዘው የመጀመሪያው የስፖርት መኪና፣ 356 ቁጥር አንድ፣ በ1948 እ.ኤ.አ. በኦስትሪያ ግሙንድ በምትባል ትንሽ ከተማ ሲሠራ ሞተሩ ከቮልስ የተወሰደ 1131 ሲሲ ነበር። መሐንዲሶቹ ቴስታታውን (የሲሊንደር ክዳኑን) አሻሽለው ኃይሉን ወደ 35 የፈረስ ጉልበት አደረሱት። አራት ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ የተኙበት፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ነው። የቮልስን ሞተር በእጁ ፈትቶ የገጠመ ሰው የ356ን ሞተር ሲከፍት እንግዳ አይሆንበትም።

ታዲያ ሦስተኛው ሲሊንደር ምን በድሎ ነው? ይህ ሞተር ውኃ የለውም። የሚያቀዘቅዘው ከጄኔሬተሩ ጋር በአንድ ዘንግ የሚዞር ፋን ነው፤ አየሩ በቆርቆሮ ሽፋን ተከልሎ በሲሊንደሮቹ ክንፎች መሃል ቁልቁል ያልፋል። የዘይት ማቀዝቀዣው የቆመው በዚያው ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከሦስተኛው ሲሊንደር በላይ ነው። ስለዚህ ሦስተኛው የሚያገኘው አየር ዘይቱን አቀዝቅዞ ራሱ የሞቀ፣ መንገድ ላይም የቀነሰ ነው። ፋብሪካው ችግሩን ስላወቀው በ1971 ሞዴል ማቀዝቀዣውን ከአየሩ መንገድ ፈቀቅ አድርጎ ለብቻው መተንፈሻ ሰጠው። የኔዋ ከዚያ በፊት የተሠራች ናት። በላዩ ላይ ደግሞ የማቀዝቀዣው ቀጫጭን ክንፎች መሃል አቧራና ዘይት ተጋግሮ እንደ ጭቃ ግድግዳ ደርቆ ነበር። ከኔ በፊት የሠራት አንድ ጋራዥም የታችኛውን ቆርቆሮና በሞተሩ ዙሪያ የሚዞረውን የጎማ መዝጊያ አውጥቶ አልመለሰም፤ ከታች የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ በፋኑ እየተሳበ ይገባ ነበር። የጎማው መዝጊያ ዋጋ ከአንድ ቫልቭ ዋጋ ያንሳል። እኔ ግን ሁለት ጊዜ ቫልቭ ገዛሁ።

ምርመራው የሚጀምረው ሞተሩ መኪናው ላይ እንዳለ ነው። አስነሱትና ጭሱን እዩ። ዳገት ላይ ሲጫን ሰማያዊ ጭስ የሚያወጣ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ዘይት የሚያሳልፈው በፋሻው በኩል ነው። ጠዋት ሲነሳ ወይም ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለቃችሁ መልሳችሁ ስትረግጡ ብቻ ካጨሰ የቫልቭ ጋይዱን ጠርጥሩ። ጥቁር ጭስ የካርቡሬተር ነገር ነው፤ ለዚያ ሲባል ሞተር አይከፈትም። ቀጥሎ አጥፉትና ከኋላ የታችኛውን ፑሊ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ወደ እናንተ ሳቡት፣ መልሳችሁ ግፉት። «ቋ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ዋናው ኩሽኔታ ወይም ኩሽኔታው የተቀመጠበት ቤት ተበልቷል፤ ሥራው ከፋሻ በላይ ነው ማለት ነው። ትክክለኛው ጨዋታ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በጤናማ ሞተር ላይ እጅ አይሰማውም።

ከዚያ አራቱንም ካንዴላዎች አውጥታችሁ ኮምፕሬሽን ለኩ። እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ሰው ማወቅ ያለበት ነገር አለ። መመሪያ መጻሕፍቱ የሚሰጡት ቁጥር ለባሕር ጠለል ቅርብ ለሆነ ቦታ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ባለው ከተማችን የአየር ግፊቱ ከዚያ በአንድ አራተኛ ገደማ ስለሚያንስ፣ ጤነኛ ሞተርም ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። በዚህ ተደናግጦ ደህና ሞተር የፈታ ሰው አውቃለሁ። አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ አወዳድሩ፤ ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ ብቻ ከወረደ በሽተኛው እሱ ነው። በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት አፍስሶ እንደገና መለካት የተለመደ ዘዴ ነው፤ ቁጥሩ ከጨመረ ፋሻ፣ ካልጨመረ ቫልቭ ይባላል። ቮልስ ላይ ግን ሲሊንደሩ የተኛ ስለሆነ ዘይቱ ወደ ታችኛው ጎን ያጋድላል፤ በዚህ ፈተና ብቻ አትፍረዱ።

በመጨረሻ ዘይቱን አፍስሳችሁ የታችኛውን ወንፊት አውጡ። ይህ ሞተር ከወንፊት በስተቀር የዘይት ማጣሪያ ስለሌለው የሆዱን ሁሉ እዚያ ታገኙታላችሁ። ነጭ ጨርቅ ላይ አራግፉትና ማግኔት አስጠጉ። የሚሳብ ስብርባሪ ከብረት ክፍል የመጣ ነው። የማይሳብና የሚያብረቀርቅ ቅርፊት ከኩሽኔታ፣ ግራጫ የአሉሚኒየም ቅንጣት ደግሞ ምናልባት ከፒስተን ነው። እኔ ይህን ጨርቅ በላስቲክ ጠቅልዬ አስቀምጠዋለሁ።

ሞተሩን ማውረድ የሚፈራውን ያህል አይከብድም። ከካምቢዮው ጋር የያዙት አራት ማሰሪያዎች ናቸው። የባትሪውን ገመድ ንቀሉ፣ የቤንዚኑን ቱቦ ዝጉ፣ የነዳጅ መርገጫውን ሽቦና የማሞቂያዎቹን ሽቦዎች አላቁ፤ ሞተሩን በክሪክ ደግፋችሁ ወደ ኋላ ሳቡት። ቤንዚን የነካ ጨርቅ ከከሰል ምድጃ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ አይዋል። የሞተሩ ቤት የማግኒዚየም ቅይጥ ስለሆነ ሲሞረድ የሚወጣውን ብናኝም ከእሳት አርቁ፤ ማግኒዚየም ከተያያዘ ውኃ ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው የፍላይዊሉ ዳዶ ላይ ነው። 36 ሚሊ ሜትር መፍቻ የሚፈልግ፣ ወደ 300 ኒውተን ሜትር የሚጠብቅ አንድ ትልቅ ዳዶ። ብዙዎች በመዶሻና በስሜት ነው የሚያጠብቁት፤ ሲላላ ፍላይዊሉም ክራንክ ሻፍቱም አብረው ይበላሻሉ። ይህን ያህል የሚለካ መፍቻ ቤቱ ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ሒሳብ ግን ሁላችንም ጋ አለ። ፍላይዊሉን እንዳይዞር አሲዙ። መፍቻው ላይ ጠንካራ ቱቦ አስገቡና ከዳዶው መሃል ግማሽ ሜትር ለክታችሁ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ቱቦው አግድም ሆኖ ሳለ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቀስ ብሎ ምልክቱ ላይ ክብደቱን ቢያሳርፍ 294 ኒውተን ሜትር ይሆናል። እኔ ቤት ይህ ሥራ የታናሽ እህቴ ነው፤ 60 ኪሎ እሷ ናት።

ቤት የሚሠራውንና የማይሠራውን መለየትም ዕውቀት ነው። መፍታት፣ ማጠብ፣ መለካት፣ መግጠም የእናንተ ነው። ክራንክ ሻፍት ማስሞረድ፣ የቫልቭ መቀመጫ ማስቆረጥ፣ የሞተሩን ቤት ማስተካከል የቶርኖ ቤት ነው። ቴስታታውን ስትወስዱ በቫልቭ መቀመጫውና በካንዴላው ቀዳዳ መካከል ስንጥቅ መኖሩን ራሳችሁ አጥባችሁ በብርሃን እዩ። የሙቀት በሽታ የነበረበት ሞተር ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው።

ሲገጠም ጥንቃቄው ጥብቀት ላይ ነው። የማግኒዚየሙ ክር በጉልበት ይመዘዛል። የቴስታታው ዳዶዎች ባለ 10 ሚሊ ሜትር ከሆኑ 32 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃቸዋል፤ በደረጃ፣ እያቀያየራችሁ ከወዲህም ከወዲያም አጥብቁ። የፒስተኑ ቀስት ወደ ፍላይዊሉ ይዙር። ሁለቱን የሞተር ቤት ግማሾች ስትገጥሙ ማጣበቂያውን በስሱ ቀቡ፤ የተረፈው ወደ ውስጥ ፈስሶ የዘይት መንገድ ይዘጋል። እያንዳንዱን ትልቅ ዳዶ ካጠበቃችሁ በኋላ ክራንክ ሻፍቱን በእጅ አዙሩት። ከከበደ ቁሙና ፍቱ፤ «ሲሠራ ይላላል» የሚለውን ምክር አትስሙ። የቫልቩ ክፍተት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ከመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱን ቀይራችሁ ክፍተቱን ደግማችሁ ለኩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጋራዦቻችን ውስጥ ይህ የጀርመን ሞተር የሚጠራው በጣሊያንኛ ነው፦ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ጓርኒሲዮን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ። ቃላቱን በቃል የተቀበልናቸው ከአያት መካኒኮች ነው። መመሪያ መጽሐፉን በእንግሊዝኛ የምታነቡ ከሆነ እነዚህን ስሞች ጎን ለጎን ጻፉ፤ ዕቃ ስትገዙም ሽማግሌ መካኒክ ስታማክሩም የምትግባቡት በእነሱ ነው።

ይኸው «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ለሞተር ሳይክልም ይሠራል። የድሮ ሞተር ሳይክልን በራስ ፍላጎት ማሻሻል ሲነሳ ሁሉም የሚያስበው የለንደኖቹን ካፌ ሬሰሮች ነው። በ1950ዎቹና 60ዎቹ እ.ኤ.አ. በኖርዝ ሰርኩላር መንገድ ዳር ባለው ኤስ ካፌ የሚሰበሰቡ ወጣቶች በሰዓት 100 ማይል፣ ማለትም 160 ኪሎ ሜትር ለመድረስ ሞተራቸውን በእጃቸው ይለውጡ ነበር። ከሥራዎቻቸው ሁሉ የማከብረው ትራይተን የሚባለውን ነው። የትራያምፍ ሞተር ጉልበት ነበረው፤ አካሉ ግን ኩርባ ላይ እንደ ኖርተን አይጸናም ነበር። ፌዘርቤድ የሚባለው የኖርተን አካል ደግሞ፣ የቤልፋስቱ ሬክስ ማካንድለስ የነደፈው፣ በ1950 ውድድር ላይ ከወጣ ጀምሮ በጽናቱ የተመሰከረለት ነው። ልጆቹ አንዱን ሞተር ከሌላው አካል ጋር አጋቡ። መልኩ የመጣው ከምክንያቱ በኋላ ነው።

ዛሬ ብዙ ጊዜ የማየው ተገላቢጦሹን ነው። የአየር ማጣሪያው ሣጥን ይጣልና ትንንሽ ክፍት ማጣሪያ ይገባል፤ ማርሚታው ይቆረጣል፤ የካርቡሬተሩ ጄት ግን አይነካም። አየሩ ይበዛል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ፒስተኑ ይግላል፣ አንድ ቀን ረጅም መንገድ ላይ ይበሳል። የኋላው የአካል ብረት ለውበት ሲባል ይቆረጥና ሾክ አብዞርበሩ የተያዘበት ቦታ ይዳከማል። መቀመጫ፣ መሪ፣ መብራት፣ ቀለም፣ ቸርኬ ቀይሩ፤ እነዚህ ነገ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። መጋዝ ከማንሳታችሁ በፊት ግን ሞተር ሳይክሉ ምን እንደጎደለው በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካልቻላችሁ መጋዙን አስቀምጡ።

ለሁለተኛ ጊዜ የታደሰችው ቮልሴ ማቀዝቀዣዋ ታጥቦ፣ የጎደለው ቆርቆሮዋና የጎማ መዝጊያዋ ተመልሶላት የዓባይን ዳገት አራት ጊዜ ወጥታለች። የተቃጠለው ሁለተኛው ቫልቭ የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ በምስማር ተሰቅሏል። እናንተም መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት ደብተር ግዙ፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሞተሩ ለምን እንደቆመ የምታስቡትን ጻፉ፤ ፈትታችሁ ያገኛችሁትን ከሥሩ አስፍሩ። ሁለቱ እስኪስማሙ ድረስ አዲስ ዕቃ አትግዙ።