ዑድና ቆዳ

ወንድሜ፣ ባለፈው ጁሙዓ አንድ ጓደኛዬ ከሞጣ ቢቸና ሲመጣ «ዑድና ቆዳ» የተባለ ውድ ሽቶ ይዞ መጥቶ እጄ ላይ ረጨልኝ። እምቢ አላልኩም፤ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሽቶ ሲሰጣቸው እንደማይመልሱ አነስ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። መጀመሪያ ጭስ ጭስ አለኝ። ዑዱ ረገብ ሲል ግን ከሥሩ የለፋ ቆዳ ሽታ ብቅ አለ።

ሽታው ወደ ልጅነቴ ወሰደኝ። ሰፈራችን ቆዳ የሚያለፉ አንድ አባት ነበሩ። ሲያልፉ አፍንጫችንን ይዘን እንስቅ ነበር። «ፋቂ» አገራችን ውስጥ ስድብ ነው። ያንኑ ሽታ ዛሬ በብልቃጥ ሲመጣ በሺዎች ብር እንገዛዋለን! (ከቆዳ የወጣ እንኳ አይደለም፤ ቀማሚዎቹ ከዛፍ ቅጥራንና ከሌላም ሌላም አስመስለው የሚሠሩት ነው። ዑዱም ቢሆን ሻጋታ የመታው ግንድ የሚያወጣው ሙጫ ነው።)

የምእመናን እናት ዘይነብ ቢንት ጀሕሽን (ረ.ዐ) ታውቃለህ? የነብዩ ባለቤት ሆነው በገዛ እጃቸው ቆዳ ያለፉ ነበር፤ ሶሒሕ ሙስሊም ላይ ተዘግቧል። ከእጃቸው ሥራ ያገኙትንም ሰደቃ ይሰጡ ነበር። እኛ ደግሞ በዚሁ ሙያ ሰው እንሰድባለን።

እኚያ አባት አልሐምዱሊላህ በሕይወት አሉ። ዛሬ ከሶላት በኋላ «አፉ በሉኝ» ልላቸው ቤታቸው እሄዳለሁ።