በሽተኛን መሸሸግ ርኅራኄ አይደለም



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ተላላፊ በሽታ ነው። በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በየቡ የምንኖር ሁሉ ቡና የሚለቀምበትን ወራት እናውቃለን። ከሩቅ የሚመጣው ለቃሚ ብዙ ነው። በአንዲት ጠባብ ክፍል ብዙ ሰው ይተኛል፤ የልብስ ማጠቢያ ውኃና መጸዳጃ ቤት ያጥራል። ወራቱ ደግሞ ክረምቱ አልፎ ወባ የሚበረታበት ነው፤ ደጋ ያደገ ሰው ወባን ስላልለመደ ይጠናበታል። በቅማል የሚተላለፉት ተስቦና ግርሻም እንዲህ ባለ መጨናነቅ ይስፋፋሉ። ታዲያ በሽታ ሲነሣ የሚገታው ማን ነው? ብዙዎቻችን «ሆስፒታሉ ነዋ!» እንላለን። ይህ መልስ ግን ግማሽ ነው።

ሀ. የጤና ጽሕፈት ቤቱ ሥራ

ሆስፒታል የታመመውን ያክማል፤ የከተማ ጤና ጽሕፈት ቤት ደግሞ ጤነኛው እንዳይታመም ይጠብቃል። ሥራው የሚጀምረው ከወሬ ነው። በገጠር ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ኋላም በከተማ የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ይዞራሉ። ያዩትንና የሰሙትን ለጤና ጣቢያ ይናገራሉ። ከጤና ጣቢያ ወደ ከተማው ወይም ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም በዞንና በክልል በኩል አዲስ አበባ እስካለው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይደርሳል። ወባ፣ ተስቦና ግርሻ በየሳምንቱ ተቆጥረው ይላካሉ። ለኮሌራ፣ ለኩፍኝና ለቢጫ ወባ ግን ሳምንት አይጠበቅም፤ አንድ ሰው እንኳ ቢጠረጠር ወዲያው መነገር አለበት።

ወሬው ሲደርስ ባለሙያዎች ወደ ስፍራው ይሄዳሉ። ሕመምተኛውን ያያሉ፤ ናሙና ወስደው ወደ ላቦራቶሪ ይልካሉ፤ ከየት ውኃ እንደ ጠጣ፣ ከማን ጋር እንደ ሰነበተ ይጠይቃሉ። ከዚህ በኋላ የበሽታውን መንገድ ይዘጋሉ። መንገዱ ውኃ ከሆነ ውኃው በክሎሪን ይታከማል፤ ትንኝ ከሆነ የረጋው ውኃ ይፋሰሳል፣ አጎበር ይታደላል፤ ቅማል ከሆነ ልብስ ይቀቀላል፤ ኩፍኝ ከሆነ ሕፃናት ይከተባሉ።

ለ. ከፈንጣጣ የምናገኘው ትምህርት

ይህ አሠራር ምን ያህል ኃይል እንዳለው ፈንጣጣ ምስክር ነው። በኢትዮጵያ ፈንጣጣን የማጥፋት ሥራ የተጀመረው በጥር 1963 ዓ.ም. ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ብቻ 26,329 ሕመምተኞች ተመዝግበዋል። ሠራተኞቹ በእግርና በበቅሎ ከተዘዋወሩባቸው አገሮች አንዱ ያን ጊዜ ጅማ ዋና ከተማው የነበረችው የከፋ ጠቅላይ ግዛት ነው።

ሕዝቡን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር መክተብ አስቸጋሪ ነበር። ስለዚህ ሌላ ብልሃት ተያዘ። የሕመምተኛ ሥዕል ይዘው በገበያና በትምህርት ቤት «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ሰው ሲጠቁማቸው ሄደው ሕመምተኛውን ይለዩና በዙሪያው ያሉትን ይከትቡ ነበር። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ ተገኘ። በሚያዝያ 1972 ዓ.ም. ፈንጣጣ ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ክትባቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ክትባቱን ወደ ትክክለኛው ቤት የመራው የጠቆመው ሰው ነው።

ሐ. የእኛ ድርሻ

እንግዲህ ሰንሰለቱ የሚጀምረው ከጎረቤት ደጅ ነው። እዚያ ከተበጠሰ ጽሕፈት ቤቱ ዕውር ይሆናል። የሚበጥሰውም ብዙውን ጊዜ ክፋት ሳይሆን ፍርሃት ነው። ቤተሰብ «ስማችን ይጠፋል» ብሎ ተቅማጥና ትውከት የያዘውን ይሸሽጋል። ለቃሚው የቀን ሙያተኛ ነውና ከሥራ እንዳይባረር ትኩሳቱን ይደብቃል። እኛም ነገር ላለማብዛት ዝም እንላለን። ዝምታችን ርኅራኄ ይመስለናል፤ ነገር ግን አንዱን ከሐፍረት ስናድን ዐሥሩን ለሞት እንዳርጋለን።

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 እንደምናነበው የለምጽ ምልክት የታየበት ሰው ለካህኑ ይታይ፣ ሰባት ቀንም ተለይቶ ይቆይ ነበር እንጂ አይሸሸግም ነበር። ጸበልን ከሕክምና ጋር የሚያጣሉም አሉ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ግን በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረዋል።

ስለዚህ እኛ ወጣቶች የሚከተለውን እናድርግ።

1. ሁለት ሳምንት ያሳለው ሰው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ እንዲያደርግ አብረነው ጤና ጣቢያ እንሂድ።

2. ብርቱ ተቅማጥ የያዘውን ሰው ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ እናድርስ። እስኪደርስ ድረስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠን እናጠጣው።

3. በሰንበቴና በጽዋ ማኅበር ከምግብ በፊት እጅ ማስታጠብን፣ ለየሰው የተለየ መጠጫ ማቅረብን የእኛ አገልግሎት እናድርገው።

4. የታመመ ለቃሚ ሥራው ቢቀርበት የሚበላው እንዳያጣ ምግብ እናዋጣ። የዕለት እንጀራውን ካገኘ ሕመሙን አይደብቅም።

የመወያያ ጥያቄ፦ በሰፈራችን ሰው ሕመሙን የሚደብቀው ምን ፈርቶ ነው? ያን ፍርሃት ለማስወገድ ማኅበራችን ምን ማድረግ ይችላል?