ተነሣሽነት፦ ሰውን የሚያንቀሳቅሰው ኀይል በልዩ ልዩ ቋንቋዎች

በመምህራን ስብሰባም ሆነ በወላጆች ጉባኤ፣ እንዲሁም በየቁምስናው ዘወትር ከሚደመጡት አቤቱታዎች አንዱ «ልጆቻችን ተነሣሽነት የላቸውም» የሚል ነው። አቤቱታው እውነትነት ሊኖረው ይችላል። ነገር ግን «ተነሣሽነት» የምንለው ምን እንደ ሆነ፣ ከወዴት እንደሚመጣ፣ ሲጠፋስ ተጠያቂው ማን እንደ ሆነ ቆም ብለን የምንመረምርበት ጊዜ ጥቂት ነው። «የለውም» ስንል ጉድለቱን በልጁ ላይ እናኖራለን። በእንግሊዝኛ ግን ይኸው ሐሳብ ብዙ ጊዜ በተደራጊ ግሥ ይነገራል፤ ቃል በቃል ሲመለስ «አልተንቀሳቀሰም» እንደ ማለት ነው። ይህን የሚሰማ ሰው «ታዲያ ማን ሊያንቀሳቅሰው ይገባ ነበር?» ብሎ ለመጠየቅ ይገደዳል። እንግዲህ የቃል ምርጫ ጥፋቱን የምንፈልግበትን ስፍራ ሊወስን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

በዚህ ጽሑፍ ይህን ሐሳብ ልዩ ልዩ ሕዝቦች በምን ዓይነት ቃል እንደ ገለጹት በአጭሩ እንመለከታለን። ዓላማችን የቃላት ዝርዝር ማቅረብ አይደለም፤ ከቃላቱ በስተኋላ ያለውን ሥዕል አይተን ለትምህርትና ለልጆች አስተዳደግ የሚጠቅመንን ለመቅሰም ነው። አስቀድመን ግን አንድ ነገር ማስገንዘብ ይገባናል፦ የቃል ሥር የተናጋሪውን አሳብ አስሮ አይዝም። «ፀሐይ ወጣች» የሚል ሰው ሁሉ ምድር መዞሯን ይክዳል ማለት አይደለምና። ይሁን እንጂ ሥሩ አንድ ሕዝብ ነገሩን በመጀመሪያ በምን መስሎ እንዳየው ያሳየናል።

1. ከኋላ የሚገፋ

የጥንቱ የሮማ ገበሬ በሬውን ይነዳ የነበረው ጫፉ በሾለ ዘንግ ነው፤ ይህም መውጊያ በላቲን «ስቲሙሉስ» ይባል ነበር። ዛሬ የሥነ ልቡና ሊቃውንት በዚሁ ቃል ሲጠቀሙ ሕያው ፍጡርን ለምላሽ የሚያነቃቃውን ነገር ሁሉ ማለታቸው ነው፤ በቃሉ ሥር ግን የበሬው ጎንና የገበሬው ዘንግ አሉ። ግሪኮችም ለዚሁ መሣሪያ «ኬንትሮን» የሚል ስም ነበራቸው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 26 ላይ ጳውሎስ በደማስቆ መንገድ የሰማውን ድምፅ ሲተርክ የሚጠቀሰው መውጊያ ይኸው ነው። ይህ ቃል ኋላ ክብ ለመሥራት የሚያገለግለውን የኮምፓስ ሹል እግር፣ ቀጥሎም እግሩ የሚተከልበትን የክቡን መካከል ለማመልከት በቅቶ «ሴንተር» የሚለውን የአውሮፓ ቃል አስገኝቷል።

ዐረቦች ለዚህ ሐሳብ ከሚጠቀሙባቸው ቃላት አንዱ «ዳፊዕ» ነው፤ ትርጉሙም «የሚገፋ» ማለት ነው። ቃሉ የተገኘበት ግሥ «ደፈዐ» ሲሆን፣ መግፋትን ብቻ ሳይሆን ገንዘብ መክፈልንም ያመለክታል። ጀርመኖችም «አንትሪብ» ይላሉ፤ ይህም «ትራይበን» ከሚለውና ከብት ለመንዳት ጭምር ከሚነገረው ግሥ የወጣ ነው። በአማርኛችን «ገፋፋ» እና «ግፊት» የምንላቸው ቃላት ከዚሁ ወገን ናቸው።

በእነዚህ ቃላት ሁሉ አንቀሳቃሹ ከተንቀሳቃሹ ውጭ ቆሞ እናየዋለን። የዚህ ዓይነቱ ኀይል ጥቅም አለው፤ በሬው ያርሳል፣ እርሻውም ይታረሳል። ሆኖም ዘንጉ ሲነሣ በሬው ይቆማል። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ያሉት አባቶቻችንም ከውጭ የሚመጣ ነገር እስከ አንድ ስፍራ ብቻ እንደሚያደርስ ተረድተዋል።

2. ከፊት የሚስብ

«ሞቲቬሽን» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው «ሞቬሬ» ከሚለው የላቲን ግሥ ነው፤ ትርጉሙ «ማንቀሳቀስ» ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ የታየው እ.ኤ.አ. በ19ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፣ እየተስፋፋ የሄደው ሥነ ልቡና ራሱን የቻለ የጥናት ዘርፍ ከሆነ በኋላ በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። ነገር ግን ከዚያ አስቀድሞ የመካከለኛው ዘመን ሊቃውንት «ሞቲቩም»፣ ማለትም «የሚያንቀሳቅስ»፣ የሚለውን ቃል ያውቁት ነበር። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ (እ.ኤ.አ. 1225-1274) «ሱማ ቴዎሎጊካ» በተባለው መጽሐፉ ፈቃድን የሚያንቀሳቅሰው ምን እንደ ሆነ ራሱን በቻለ ጥያቄ መርምሯል። ከመልሱ አንዱ ክፍል እንዲህ ሊጠቃለል ይችላል፦ አእምሮ መልካም መሆኑን አውቆ የሚያቀርብለት ነገር ፈቃድን እንደ ግብ ሆኖ ይስበዋል።

ይህ ትምህርት ከአርስጣጣሊስ ጋር ይዛመዳል። አርስጣጣሊስ «ስለ ነፍስ» በተሰኘው መጽሐፉ በ3ኛው ክፍል፣ የሚፈለገው ነገር ራሱ ሳይንቀሳቀስ ፈላጊውን እንደሚያንቀሳቅስ ያስተምራል። በምሳሌ ብንገልጸው፣ የተጠማ መንገደኛ ወደ ምንጭ ሲገሰግስ ምንጩ ከስፍራው አልተነቃነቀም፤ የተራመደው መንገደኛው ነው። ሆኖም ምንጩ ባይኖር ኖሮ እርምጃው ባልኖረ ነበር። በዚህ ሥዕል አንቀሳቃሹ ከኋላ ሳይሆን ከፊት ነው፤ የሚንቀሳቀሰውም ማወቅ ስለሚችል የሚሄድበትን ያውቃል።

ከዚሁ ጋር ሊታይ የሚገባው «ኢንቼንቲቩም» የሚለው የላቲን ቃል ነው። ዛሬ በእንግሊዝኛው መልኩ «ኢንሴንቲቭ» ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ተጨማሪ ክፍያን ወይም ማበረታቻን ነው። የቃሉ ሥር ግን «መዘመር» የሚለው ግሥ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ትርጉሙ «ዜማ የሚያወጣ» እንደ ማለት ነበር። በደቦ ሥራ ላይ አንዱ አውጪ ዜማውን ሲጀምር ሌሎቹ እየተቀበሉ ሥራውን እንደሚያፋጥኑት ያለ ነገር ነው። አውጪው ማንንም አይወጋም፤ ራሱ አስቀድሞ በመጀመሩ ግን ሌሎችን ያስከትላል።

3. ከውስጥ የሚነቃ

ቻይናውያን «ዶንግጂ» ይላሉ፤ ጃፓናውያንም በዚያው ጽሕፈት «ዶኪ» ብለው ያነቡታል። የመጀመሪያው ምልክት «መንቀሳቀስ» ማለት ነው። ሁለተኛው በጥንት ጊዜ የቀስተ ደጋን መሣሪያን ምላጭ ያመለክት ነበር። ሥዕሉን ልብ እንበል፦ ምላጩ ራሱ ፍላጻውን የሚወረውር ኀይል የለውም፤ ኀይሉ በተወጠረው ደጋን ውስጥ ተከማችቶ ይጠብቃል፤ ምላጩ ይለቀዋል። ጃፓናውያን በዕለት ንግግራቸው ደግሞ «ያሩኪ» የሚል ሌላ ቃል አላቸው፤ «ያሩ» ማድረግ፣ «ኪ» መንፈስ ወይም የውስጥ ኀይል ማለት ሲሆን፣ በአንድነት «የማድረግ መንፈስ» ሊባል ይችላል።

በሩስያ ቋንቋ «ፖቡዥዴኒዬ» የሚባለው ቃል «ከእንቅልፍ መቀስቀስ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። አማርኛም «ቀሰቀሰ» እና «አነቃቃ» ሲል ይህንኑ መንገድ ይከተላል። የሚቀሰቀስ ሰው ሕያው ነው፤ ተኝቷል እንጂ አልሞተም። ቀስቃሹ አዲስ ሕይወት አይጨምርለትም፤ ያለውን ያነቃለታል።

በስዋሂሊ «ኩቲያ ሞዮ» ማለት ቃል በቃል «ልብ ማስገባት» ሲሆን፣ ማበረታታትን ያመለክታል። በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛም «ማደፋፈር» የሚለው ቃል ሥሩ «ልብ» የሚለው የላቲን ቃል ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 35 ደግሞ እስራኤላውያን ለድንኳኑ ሥራ በፈቃዳቸው ስጦታ ሲያመጡ የዕብራይስጡ መጽሐፍ ልባቸው «እንዳነሣቸው» ይናገራል። ቃሉ «ናሳ» ነው፤ ትርጉሙም አነሣ፣ ከፍ አደረገ ማለት ነው። በዚህ ሥዕል የሚያነሣውም የሚነሣውም ሰውየው ራሱ ነው።

4. የእኛ ቃል

የዕብራይስጡ «ናሳ» ለእኛ እንግዳ አይደለም። የግዕዙ «ነሥአ» ከእርሱ ጋር አንድ ሥር አለው፤ በግዕዝ «ወሰደ፣ ተቀበለ» ማለት ሲሆን፣ «ተንሥአ» ሲሆን ደግሞ «ተነሣ» ማለት ነው። በቅዳሴ ዲያቆኑ «ተንሥኡ» ብሎ ሲያውጅ፣ በፋሲካም «ትንሣኤ» ስንል የምንጠራው ይህንኑ ሥር ነው። «ተነሣሽነት» የሚለው የዛሬው የትምህርት ቤትና የመሥሪያ ቤት ቃል የ«ትንሣኤ» ዘመድ መሆኑን ብዙዎቻችን አስተውለነው ላይሆን ይችላል።

ከዚህም በላይ የቃሉን አሠራር እንመልከት። «አነሣ» ስንል አንድ ድርጊት ነው፤ «አነሣሣ» ስንል ግን አንዱ ፊደል ይደገማል። አማርኛ በዚህ መንገድ መደጋገምን ያመለክታል፤ «ሰበረ» እና «ሰባበረ»፣ «ነካ» እና «ነካካ» እንደሚባለው ማለት ነው። ስለዚህ ማነሣሣት አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚያበቃ ነገር እንዳልሆነ ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። ኦሮምኛም፣ የኩሽ ቋንቋ ሲሆን፣ በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ «ከኡ» መነሣት ነው፤ ከእርሱ የወጣው «ከከኡምሳ» ደግሞ የመጀመሪያውን ድምፅ ደግሞ ተነሣሽነትን ያመለክታል። በትግርኛ «ተበግሶ» የሚባለው ቃል የወጣው «ለጉዞ ተነሣ» ከሚል ግሥ ነው። በሀገራችን ሦስት ቋንቋዎች ሰውን እንደሚነዳ በሬ ሳይሆን ከተቀመጠበት እንደሚነሣ መንገደኛ አይተውታል ማለት ነው።

ነገር ግን ይህ ሥር ሌላም ገጽ አለው። በአማርኛ «ነሣ» ማለት «ከለከለ፣ አሳጣ» ማለትም ነው፤ «እንቅልፍ ነሣው»፣ «ክብር ነሣው» እንላለን። ሰውን የሚያነሣና ሰውን የሚነሣ ቃል በአንድ ሥር ላይ በቅለዋል። በክፍል ፊት «አንተ ሰነፍ» የሚባል ልጅ ክብሩን ተነሥቷል፤ በማግስቱ «ተነሣሽነት የለውም» ተብሎ ይመዘገባል።

5. ለቤትና ለትምህርት ቤት የሚሆን ትምህርት

እስካሁን ካየነው ሦስት መንገድ እናገኛለን፦ መግፋት፣ መሳብ፣ ማነሣሣት። ሦስቱም በየስፍራቸው ያገለግላሉ፤ አደጋ የሚመጣው በአንዱ ብቻ ስንተማመን ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን አንድ የታወቀ ጥናት እናንሣ። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናትን በሦስት ከፈሏቸው። ለመጀመሪያዎቹ «ብትሥሉ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» ተባሉ፤ ሁለተኛዎቹ ሳይነገራቸው ሠርተው ከጨረሱ በኋላ ተሸለሙ፤ ሦስተኛዎቹ ምንም አልተሰጣቸውም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በነፃ ሰዓታቸው ሲታዩ፣ አስቀድሞ ሽልማት ቃል የተገባላቸው ሕፃናት ከሌሎቹ ይልቅ ለሥዕል ያላቸው ፍላጎት ቀንሶ ተገኘ። ሳይጠብቁት የተሸለሙት ግን አልተጎዱም። ስለዚህ ጥናቱ ሽልማት ሁሉ ጎጂ ነው አይልም፤ ልጁ ከራሱ ፍላጎት ተነሥቶ ይሠራው የነበረውን ነገር በዋጋ ሲለውጡበት ፍላጎቱ ሊደክም እንደሚችል ያሳያል።

በመሆኑም አንድ ልጅ ሲቀዘቅዝ ስናይ «የለውም» ብለን ከመዝጋታችን በፊት ጥቂት ነገሮችን ብንጠይቅ መልካም ነው። ልጁ ቁርስ በልቷልን? በባዶ ሆድ ለተቀመጠ ልጅ ፊደል ምንጭ ሆኖ አይታየውም። የሚማረው ለምን እንደሚጠቅመው አንድ ሰው አስረድቶታልን? የማይታይ ግብ አይስብምና። አባትና እናት፣ መምህርም፣ ራሳቸው ሲያነቡና ሲማሩ አይቷልን? አውጪ በሌለበት ተቀባይ አይኖርም። ክብሩን የነሣው ሰው አለን? ካለ ደግሞ ዱላ ከመጨመር ይልቅ የተነሣውን መመለስ ይቀድማል።

ይህን ስንል የልጁን ድርሻ መካዳችን አይደለም። «ተነሣ» የሚለው ግሥ ባለቤት ራሱ ተነሺው ነው፤ ማንም ስለ ሌላው ሊነሣለት አይችልም። በክፍል የታጨቁ ተማሪዎችን የሚያስተምር መምህር እያንዳንዱን በየቀኑ ማነሣሣት እንዳይችል የሚያግደው ብዙ ነገር እንዳለም እናውቃለን። ቢሆንም ዓመቱን ሙሉ አንድ ልጅ እንኳ በስሙ ተጠርቶ «ትችላለህ» ቢባል፣ ይህም አንድ ጊዜ ሳይሆን ተደጋግሞ ቢደረግለት፣ ቃላችን የሚለውን ሠራን ማለት ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. በቤታችሁና በትምህርት ቤታችሁ አብዝታችሁ የምትጠቀሙት በየትኛው መንገድ ነው? በመግፋት፣ በመሳብ ወይስ በማነሣሣት?

ለ. በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ ለዚህ ሐሳብ የሚነገሩ ሌሎች ቃላት አሉን? ሥራቸውስ ምን ያመለክታል?

ሐ. «ተነሣሽነት የለውም» የምትሉትን አንድ ልጅ አስቡ። ከላይ የቀረቡትን ጥያቄዎች ስለ እርሱ ብትጠይቁ ምን መልስ ታገኛላችሁ? በዚህ ሳምንትስ ምን ልታደርጉለት ትችላላችሁ?