የኤሌክትሪክ ሙያ፦ ከሽቦ ሳቢነት እስከ ተቋራጭነት

ሕንፃ የሚያስገነባ ነጋዴ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ በየሳምንቱ ይጠይቃል። ሽቦውን የሚዘረጋውን ሰው ችሎታ ግን ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው አደጋ ከደረሰ በኋላ ነው። በግንባታ ቦታ ፒንሳ፣ ካቻቪቴና ቴስተር የያዘ ሁሉ ኤሌክትሪሺያን ይባላል። ይሁን እንጂ በገበያው ውስጥ ያሉት ባለሙያዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው መብራት እንዲበራ የሚያደርግ ነው። ሁለተኛው መስመሩ ያለ አደጋ እንደሚሠራ አስልቶ፣ ለክቶና ፈርሞ የሚያስረክብ ነው። የመጀመሪያው የቀን ሒሳብ ይቀበላል፤ ሁለተኛው ውል ይዋዋላል። ይህን ልዩነት ማወቅ ገንዘቡን በሕንፃ ላይ ለሚያፈስ ባለሀብትም ሆነ ልጁን ሙያ ለማስተማር ለሚያስብ ወላጅ ይጠቅማል።

ስሌቱ ምን ይመስላል?

በኢትዮጵያ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው ኃይል 220 ቮልት፣ ለባለ ሦስት ፌዝ ደንበኛ የሚሰጠው ደግሞ 380 ቮልት ነው። ሙቀት የሚሰጥ አንድ መሣሪያ የሚስበው አምፔር የሚታወቀው ዋቱን ለቮልቱ በማካፈል ነው። ለምሳሌ 3 ሺህ 500 ዋት የሆነ የእንጀራ ምጣድ ለ220 ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ይሆናል።

ለሶኬት የተለመደው 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና 16 አምፔር ብሬከር ነው። በዚህ መስመር ላይ ምጣዱና ሌላ ምድጃ አብረው ቢሰኩ ብሬከሩ ይወርዳል። ስሌት የማያውቀው ሠራተኛ ብሬከሩን አውጥቶ በ32 አምፔር ይለውጠዋል። ከዚያ በኋላ መብራት አይቋረጥም፤ ደንበኛውም አመስግኖ ይከፍላል። ነገር ግን ብሬከር የተሠራው ሽቦውን ከመጠን በላይ ከመጋል ለመጠበቅ ነው። ጠባቂው ሲነሳ ሽቦው በግድግዳው ውስጥ እየጋለ፣ ሽፋኑም እየደረቀና እየተሰነጠቀ ይሄዳል። ትክክለኛው መፍትሔ ለምጣዱ ከማከፋፈያ ሳጥኑ ራሱን የቻለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ መስመር ዘርግቶ፣ ለእርሱ የሚመጥን 20 ወይም 25 አምፔር ብሬከር መግጠም ነው።

በንግድ ቤት ደግሞ ጉዳዩ ይከብዳል። አንድ ዳቦ ቤት 12 ኪሎ ዋት ምድጃ ገዛ እንበል። ምድጃው በአንድ ፌዝ ቢሠራ 55 አምፔር ገደማ ይስባል። በሦስት ፌዝ ተከፋፍሎ ቢሠራ ግን በእያንዳንዱ ፌዝ ላይ የሚያርፈው 18 አምፔር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ነጋዴው ምድጃውን ከማዘዙ በፊት ባለሙያውን ቢያማክር የትኛውን ቆጣሪ መጠየቅ እንዳለበት አስቀድሞ ያውቃል። ሳያማክር ቢገዛ ምድጃው በካርቶኑ እንዳለ ቆሞ፣ የባንክ ወለዱ ግን ይቆጥራል።

የሥልጠናው መንገድ

ወደ ሙያው የሚገባው ሰው በመንግሥትና በግል የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በደረጃ የተከፋፈለ ሥልጠና ያገኛል። በአዲስ አበባ የተግባረ ዕድ፣ የእንጦጦና የጄኔራል ዊንጌት ኮሌጆች ስማቸው የቆየ ነው። በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ሰልጣኙ የቤት ውስጥ ዝርጋታን፣ የመሣሪያ አያያዝንና የአደጋ ጥንቃቄን ይማራል። ከፍ ሲል ወደ ሞተር፣ ወደ መቆጣጠሪያ ፓነልና ወደ ጥገና ይሸጋገራል።

ሥልጠናው በክፍል ብቻ የሚያልቅ አይደለም። በትብብር ሥልጠና አሠራር ሰልጣኙ ድርጅቶች ዘንድ ሄዶ እንዲለማመድ ይደረጋል። ብዙዎች የሚወድቁትም እዚህ ላይ ነው። ወሩን ሙሉ ግድግዳ ሲፈለፍልና ቱቦ ሲሸከም የከረመ ልጅ ሥራ ለምዷል ማለት አይቻልም። የተቀበለው ድርጅት ሥዕል እንዲያነብ፣ ጭነት እንዲያሰላና መለኪያ እንዲይዝ ካላደረገው ሽቦ ሳቢ ሆኖ ይቀራል። ከሥልጠናው በኋላ በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ወስዶ ማረጋገጫ ያገኛል።

ለተቋራጭነት ግን ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል። በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 86 የተቋቋመው የኤሌክትሪክ ኤጀንሲ ለኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጮች የብቃት ማረጋገጫ እንዲሰጥ ሥልጣን ተሰጥቶት ነበር። በ2006 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 810 ቦታውን የኢነርጂ ባለሥልጣን ተረከበ። ዛሬ ዘርፉን የሚቆጣጠረው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። በሙያው ለመክበር የሚፈልግ ወጣት ዓይኑን መጣል ያለበት በዚህ ፈቃድ ላይ ነው።

ሥራው የት ይገኛል?

ጀማሪው የሚገባው በቤት ዝርጋታ ነው፤ ዋጋውም ብዙውን ጊዜ በመብራትና በሶኬት ነጥብ ብዛት ይቆረጣል። ይህ ሥራ ፈጥኖ ገንዘብ ይሰጣል፤ ግን ተወዳዳሪው ብዙ ስለሆነ ዋጋው ይወርዳል። የፋብሪካ ጥገና በደመወዝ ቢጀምርም ሞተርና ፓነል ስለሚያስተምር የነገ ገቢን ያሳድጋል። ጀነሬተር፣ የውሃ ፓምፕ፣ ሊፍትና የፀሐይ ኃይል የየራሳቸው ባለሙያ ይፈልጋሉ። በዕቃ ዝርዝር ግምት የተካነ ሰው ደግሞ በኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮችና በጨረታ ክፍሎች ተፈላጊ ነው።

አዲስ ገበያም ተከፍቷል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ሁሉ መሙያ ያስፈልገዋል። 7 ኪሎ ዋት የሚስብ የቤት መሙያ 32 አምፔር ገደማ ለሰዓታት ሳያቋርጥ ይወስዳል። ምጣድ ጋግሮ ይጠፋል፤ መሙያ ግን ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ የማመንጨት አቅም 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት ነው። ኃይሉ በየደጁ ሲደርስ በየግድግዳው የሚያስገባው የሠለጠነ እጅ ነው።

አስገንቢው ምን ይጠይቅ?

ውል ከመፈረሙ በፊት አራት ነገሮችን መጠየቅ ይበቃል። አንደኛ፣ የባለሙያው የብቃት ማረጋገጫ የትኛውን ሥራ ይሸፍናል? ሁለተኛ፣ የእያንዳንዱ መስመር ጭነት፣ የሽቦ ውፍረትና የብሬከር መጠን በጽሑፍ ተዘርዝሯል? ሦስተኛ፣ የመሬት መስመርና በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ መከላከያ በዋጋው ውስጥ ገብተዋል? አራተኛ፣ ግድግዳው ከመለሰኑና ቤቱ ከመረከቡ በፊት ሽቦው በሜገር ተለክቶ ውጤቱ ይሰጣል?

እነዚህን ያለ ማቅማማት የሚመልስ ባለሙያ ዋጋው ከፍ ሊል ይችላል። ጭማሪው ግን ግድግዳ አፍርሶ ሽቦ ከመለወጥ፣ ሲብስም ንብረትና ሕይወት ከማጣት ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለኤሌክትሪክ ዝርጋታም ይሠራል።