የብዙኃን ድምፅና የግል ፍርድ



በአንድ ቁምስና ስብሰባ ላይ የአንዲት ችግረኛ እናት ስም ከዕርዳታ መዝገብ ይሰረዝ የሚል ሐሳብ ቀረበ እንበል። የመጀመሪያው ተናጋሪ «እስማማለሁ» ይላል፤ ሁለተኛው ያንኑ ይደግማል። ሦስተኛው የሴቲቱን ችግር በቅርብ የሚያውቅ ቢሆንም ዝም ይላል። ከዚያም «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ተብሎ በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል። ታዲያ ይህ የብዙዎች ፍርድ ነውን? ወይስ በብዙ አፍ የተደጋገመ የአንድ ሰው ፍርድ?

ሰሎሞን አሽ የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ይህን በሙከራ መርምሮታል። አንድ ወጣት ከሌሎች ጋር ተቀምጦ፣ ከሦስት መስመሮች መካከል ከተሰጠው መስመር ጋር በርዝመት እኩል የሆነውን እንዲለይ ይጠየቅ ነበር። ሌሎቹ ግን ከተመራማሪው ጋር አስቀድመው ተስማምተው በአንድነት የተሳሳተ መልስ ይሰጡ ነበር። ሰው ብቻውን ሲሆን ከመቶ አንድ ጊዜ እንኳ በማይሳሳትበት በዚህ ቀላል ጥያቄ፣ ከወጣቶቹ መልሶች ሲሶ ያህሉ የብዙኃኑን ስሕተት የተከተሉ ሆኑ። ከአራት ሰዎችም ሦስቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተከትለዋል። ነገር ግን ከመካከላቸው አንድ ሰው ብቻ እውነቱን ሲናገር፣ ስሕተቱ ወደ ሩብ ዝቅ አለ።

እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ14,000 በላይ ሰዎች 48 የማይታወቁ ዘፈኖችን እንዲመርጡ አድርጓል። የሌሎችን ምርጫ ሳያዩ በመረጡት ዘንድ 26ኛ የሆነው ዘፈን፣ የሌሎችን ምርጫ እያዩ ከመረጡት ቡድኖች በአንዱ 1ኛ፣ በሌላው 40ኛ ወጣ። ዘፈኑ ያው ነው፤ የተለየው የቀደሙት ሰዎች ምርጫ ነው።

ሰው ብዙዎችን የሚከተለው በሁለት ምክንያት ነው፤ አንድም «እነርሱ የበለጠ ያውቃሉ» ብሎ፣ አንድም ብቻውን መቅረትን ፈርቶ። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ማስተዋል ነው፤ መንገዱን የማያውቅ እንግዳ የአገሩን ሰው ቢከተል አይነቀፍም። ሆኖም እያንዳንዱ የቀደመውን ብቻ አይቶ ከተከተለ፣ ቁጥሩ ይበዛል እንጂ ማስረጃው አይጨምርም።

ቤተ ክርስቲያን በር.ሊ.ጳ. ምርጫ ለዚህ ጥንቃቄ አድርጋለች። ጎርጎርዮስ 15ኛ እ.ኤ.አ. በ1621 የምስጢር ድምፅ በጽሑፍ እንዲሰጥ ደነገጉ። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም እ.ኤ.አ. በ1996 በአንድ ቃል በእልልታ የመምረጥን ሥርዓት አስቀሩ። መራጩ ካርዲናል በተቻለ መጠን የእጁ ጽሑፍ እንዳይታወቅ አድርጎ እንዲጽፍ ታዟል።

ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንና የቁምስና ሽማግሌዎች የሚከተሉትን ቢያዘወትሩ መልካም ነው፤

1. ውይይት ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ሐሳቡን በወረቀት ይጻፍ።
2. ታናናሾች አስቀድመው ይናገሩ፤ ሰብሳቢውና ታላላቆች በመጨረሻ።
3. ሰብሳቢው «የተለየ የሚያውቅ አለን?» ብሎ ይጠይቅ፤ ከዚያም ታግሦ ይጠብቅ።
4. የሰው ስም ወይም እንጀራ የሚነካ ጉዳይ በምስጢር ድምፅ ይወሰን።

በአሽ ሙከራ አንድ እውነተኛ ድምፅ ለጎረቤቱ ድፍረት ሆኖታል። በዚያ ስብሰባም ሦስተኛው ሰው ቢናገር ኖሮ፣ አራተኛው ብቻውን ባልቀረ ነበር።

ለውይይት፦ እያወቅን ዝም ያልንበት ጊዜ አለን? በዝምታችን የተጎዳውስ ማን ነው?